ኑሯቸውን ቢጽፉ ማስረጃ ይሆንባቸው ነበር

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። ኮሌጅ ውስጥ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ እየተማርኩ ነው። ቻይናውያን አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክለው ሕግ ከ1882 እስከ 1943 እንደቆየ ተነገረን። ከዚያ ሁሉ ዘመን ግን እንድናነብ የተሰጠን የአንዲት ሴት አጫጭር ልቦለዶችና ጥቂት የግድግዳ ግጥሞች ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ለምን አልጻፈም? ያልተማሩ የጉልበት ሠራተኞች ስለነበሩ ነው? ወይስ ሕጉ ሥነ ጽሑፋቸውን ገደለው?»

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ፣ ግምቶችሽን ግን ሁለቱንም አልቀበልም። ጽፈዋል። ያውም ብዙ። ሕጉም ሥነ ጽሑፋቸውን አልገደለውም፤ የባሰ ነገር ነው ያደረገው። እውነተኛ ኑሯቸውን ቢጽፉ የሚያስባርራቸው፣ የፈጠራ ታሪክ ቢጽፉ ደግሞ አገር የሚያስገባቸው አድርጎ ቁጭ አለ። ይቺን ነገር ያዢልኝ፣ የቀረው ሁሉ ከእሷ ነው የሚመዘዘው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሕጉን ቶሎ ላሳልፈው፣ ክፍል ውስጥ ሳትሰሚው አትቀሪም። በ1875 የወጣው የፔጅ ሕግ በሴተኛ አዳሪነት ሰበብ የቻይና ሴቶችን በር ላይ ማስቆም ጀመረ። በ1882 የጉልበት ሠራተኛ ለ10 ዓመት እንዳይገባ ተከለከለ፤ ቀድሞ የገባውም ዜግነት አያገኝም ተባለ። በ1888 ደግሞ ይባስ ብሎ፣ ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ አገራቸው የሄዱ፣ የመመለሻ ሰርተፊኬት ኪሳቸው ውስጥ ያለ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ውጭ ቀሩ። ሰርተፊኬቱ በአንድ ጀምበር ብጣሽ ወረቀት ሆነ። አንዳንዶቹ እንዲያውም መርከብ ላይ ነበሩ። ቻይ ቻን ፒንግ የሚባለው ሰውዬ ከእነሱ አንዱ ነው፤ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ በ1889 ተረታ። በ1892 ሕጉ ለሌላ 10 ዓመት ተራዘመ፣ የመኖሪያ ሰርተፊኬት ያልያዘ ቻይናዊ ይባረር ተባለ። በ1904 የጊዜ ገደቡ ጭራሽ ቀረ። በ1943 ቻይና የጦርነት አጋር ስለሆነች ሕጉ ተሻረና በዓመት 105 ሰው ተፈቀደ። 105! ሁለት አውቶቡስ አይሞላም።

ስለ ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። በ1924ቱ የኮታ ሕግ መሠረት በወጣው ሠንጠረዥ ላይ ኢትዮጵያ በዓመት 100 ሰው ተሰጥቷታል። ቻይናም 100። የቻይናው 100 ግን ለቻይናውያን አልነበረም። ኮታው የሚሠራው ዜግነት ማግኘት ለሚችል ሰው ነው፣ ቻይናዊ ደግሞ አይችልም። ስለዚህ ቦታው ለምሳሌ ሻንጋይ ለተወለደ እንግሊዛዊ ነበር የተቀመጠው። የቻይና ስም ያለበት፣ ቻይናዊ የማይገባበት ኮታ። ስለ ሥነ ጽሑፉ ስታስቢም ይሄ አሠራር አይረሳሽ፤ ወረቀቱ ሌላ፣ ሰውዬው ሌላ።

አሁን ወደ «አልተማሩም ወይ» ወደሚለው ልምጣ። ሕጉ የከለከለው የጉልበት ሠራተኛን ነው። ነጋዴ፣ ተማሪ፣ መምህር፣ ዲፕሎማትና ጎብኚ ይገቡ ነበር። በእንግሊዝኛ ቀድመው የጻፉትም በአብዛኛው ከዚሁ ወገን መሆናቸው አያስገርምም። ሊ ያን ፉ የቻይና መንግሥት ለትምህርት ከላካቸው 120 ልጆች አንዱ ነበር፤ በ1887 የልጅነት ትዝታውን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ዩንግ ዊንግ በ1854 ከዬል ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ነው፤ የሕይወት ታሪኩ በ1909 ወጣ። እነዚህ ጨዋ መጻሕፍት ናቸው። ሩዝ እንዴት እንደሚበላ፣ ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል፣ በዓል እንዴት እንደሚከበር ለፈረንጅ አንባቢ በትዕግስት ያስረዳሉ። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ ስለ ቻይናውያን ይጽፍ የነበረውን ካየሽ ትዕግስታቸው ይገባሻል። ዩንግ ዊንግ ራሱ በ1852 የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ ነበር፤ በ1898 አንቀበለውም ተብሎ ተነግሮታል። የዬል ዲግሪ ያለው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ልብስ አጣቢው ምን ሊሆን ነው?

ከእነሱ ለየት የሚለው ዎንግ ቺን ፉ ነው። ይሄን ሰውዬ ብታገኚው ትወጂው ነበር። በ1883 ኒው ዮርክ ላይ በቻይንኛ ጋዜጣ አቋቋመ፣ ስሙንም «ቻይኒዝ አሜሪካን» አለው። ዜግነት ክልክል በሆነበት ዘመን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ማስቀመጥ በራሱ ድፍረት ነው። በ1887 ደግሞ በታወቀ መጽሔት ላይ «እኔ ለምን አረመኔ ሆንኩ?» የሚል ጽሑፍ አወጣና ሚሲዮናውያኑን በራሳቸው ሚዛን መዘናቸው። ነገር ይችላል። ዛሬ ብዙ ኮርሶች ውስጥ አለመኖሩ ያናድደኛል፣ ግን ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ቻይናታውን፣ ማለትም የቻይናውያኑ ሰፈር ውስጥ በቻይንኛ የሚጻፈው ሌላ ዓለም ነው። ሰዉ በአብዛኛው የመጣው ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዶንግ ግዛት ገጠሮች ነው። አሜሪካን «ጋም ሳን» ይሏታል፣ የወርቅ ተራራ። በ1890 ቆጠራ 107,488 ቻይናውያን ነበሩ፤ በ1920 ወደ 61,639 ወረዱ። በ1890 ለአንዲት ሴት ወደ 27 ወንድ ይደርስ ነበር። እስቲ እሱን በዓይነ ሕሊናሽ ሳዪው። የወንደላጤ ሰፈር። ግማሹ እንዲያውም ወንደላጤ አይደለም፣ ሚስት አለችው፤ ሚስቱ ግን ውቅያኖስ ማዶ ናት፣ በ10 ዓመት አንዴ ቢያያት ነው።

ከዚህ ሰፈር በ1911 እና በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሁለት የግጥም መድበሎች ታተሙ፤ አንድ ላይ 1,640 ግጥም። አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ! «አልጻፉም» የሚለውን እዚህ ጋ ተዪልኝ። ግጥሞቹ እያንዳንዳቸው 46 የቻይና ፊደል ናቸው፤ በዚያው በጓንግዶንግ፣ በካንቶን አካባቢ የሕዝብ ዘፈን መልክ የተሠሩ። የሚሉት ምንድን ነው? የኢሚግሬሽን ሹሞችን ይራገማሉ፣ ስለ ቁማር ያወራሉ፣ ስለ ሴት ያወራሉ (አንዳንዱ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ የሚነበብ አይደለም)፣ ቤታቸውን ይናፍቃሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚይዙኝ በሚስት አንደበት የተጻፉት ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ወንድ ቁጭ ብሎ፣ እዚያ ማዶ የቀረችው ሚስቱ ምን እንደምትለው ይገጥማል፦ ባሌ ሀብታም ነው ይሉኛል፣ አልጋዬ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ልጃቸውን ለወርቅ ተራራ ሰው የሚድሩ ወላጆች ምን ነካቸው፣ በዚህ ዓይነት። ሕጉ ሚስትን ማምጣት ባይከለክለው ኖሮ ይሄ ግጥም ባልተጻፈም ነበር። ሕጉ አብሮ ጻፈ የምልሽ ለዚህ ነው።

ታዲያ ክፍል ውስጥ ለምን አልደረሰሽም? በቻይንኛ ስለሆነ ነዋ። የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ማለት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብቻ ነው ብሎ ለረጅም ጊዜ ያስተማረው ዩኒቨርሲቲው ነው እንጂ ጥፋቱ የገጣሚዎቹ አይደለም።

የግድግዳ ግጥሞቹን አንብባችኋል ብለሻል፤ እዚህ ጋ ቆየት ልበል። ኤንጅል አይላንድ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለች ደሴት ናት። የኢሚግሬሽን ጣቢያው በጥር 1910 ተከፈተ፣ በ1940 በእሳት ምክንያት ተዘጋ። አንዳንዱ፣ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ በነበረው የስደተኞች መግቢያ ስም፣ «የምዕራቡ ኤሊስ አይላንድ» ይለዋል። እኔ አይዋጥልኝም። ኤሊስ አይላንድ የደረሰ አውሮፓዊ ባብዛኛው በሰዓታት ውስጥ አልፎ ይሄዳል። እዚህ ቻይናዊው ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዱም ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ራሳቸው «የእንጨት ቤት» ይሉት ነበር።

ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። በጀልባ ነው የሚሄደው፣ ከዚያ በእግር። ቦታው ያምራል፣ ያ ነው የሚያናድደው። ውስጥ ስትገቢ ሦስት ሦስት ሆነው የተደራረቡ አልጋዎች አሉ፣ በአልጋና በአልጋ መካከል ጎን ለጎን ሁለት ሰው አያሳልፍም። ግድግዳውን መጀመሪያ ሳየው ምንም አልታየኝም፣ የቆሸሸ ቀለም ብቻ። አስጎብኚዋ ባትሪዋን አውጥታ ከጎን አበራችበት። ያኔ ፊደሎቹ ከግድግዳው ላይ ብድግ አሉ። ከላይ ወደ ታች፣ አምድ በአምድ፣ በስለት የተፈለፈሉ፣ ሰልፍ የያዙ። ጭረት አይደሉም፣ እጁ የተፍታታ ሰው ጽሑፍ ነው።

እንዴት እንደቆዩ ደግሞ ስሚኝ። መጀመሪያ የሚጻፈው በብሩሽና በቀለም ወይም በእርሳስ ነበር። ኃላፊዎቹ ግድግዳው ተበላሸ ብለው ቀለም ያስቀቡታል። ታሳሪዎቹ ታዲያ መፈልፈል ጀመሩ። ቀለም ቀቢዎቹ ቀዳዳውን በስቱኮ እየሞሉ በላዩ ቀቡት። እንግዲህ ያ ስቱኮና ቀለም ነው እንጨቱን ከአየርና ከእርጥበት የጠበቀው! ዓመታት ሲያልፉ ስቱኮው ሟሸሸ፣ የፊደሎቹ ቅርጽ ከቀለሙ ሥር ገፍቶ ወጣ። ሊያጠፉት ብለው አቆዩት። በ1970 ሕንጻው ሊፈርስ ታስቦ ሳለ አሌክሳንደር ዋይስ የሚባል የፓርክ ጠባቂ ጽሑፉን አይቶ ሰው ጠራ። ደግነቱ፣ በ1931 እና በ1932 እዚያው ታስረው የነበሩ ሁለት ወጣቶች እያንዳንዳቸው ከ90 በላይ ግጥም በወረቀት ገልብጠው ይዘው ወጥተው ነበር። እስካሁን ከ200 በላይ ግጥሞች ተገኝተዋል። የሴቶቹ ግን አንድም የለም። ሴቶቹ ይቀመጡ የነበረው በአስተዳደር ሕንጻው ውስጥ ነው፣ በ1940 የተቃጠለውም እሱ ነው።

ግጥሞቹን ስታነቢ «ያልተማሩ ሠራተኞች» የሚለው ሐሳብሽ ራሱ ይወድቃል። ብዙዎቹ በጥንቱ የቻይና ግጥም ሕግ የተሠሩ ናቸው፤ ስንኙ አምስት ወይም ሰባት ፊደል ነው፣ አራት ስንኝ ወይም ስምንት። ታሪክም ይጠቅሳሉ። ዩሊ በሚባል ቦታ ታስሮ የነበረውን ንጉሥ ዌንን ይጠራሉ። በጠላት አገር 19 ዓመት በግ ሲጠብቅ የኖረውን መልእክተኛ ሱ ዉን ይጠራሉ። አንዱማ ደሴት ላይ ስለታሰረው ናፖሊዮን ጽፏል። ልክ እንደ ቅኔ ነው። ገጣሚው ስለ ጥንቱ እስረኛ የሚያወራ ይመስላል፤ ሰሙ እሱ ነው። ወርቁ «እኔ ወንጀለኛ አይደለሁም፣ የታሰርኩት እንደ ታላላቆቹ ያለ ጥፋቴ ነው» የሚለው ነው። ሁሉም ጥሩ ግጥም ነው አልልሽም። አንዳንዱ ቤት የሚመታው በግድ ነው፣ አንዳንዱ የሌላውን ደግሟል። ግን ግድግዳው እንደ ሰሌዳ ነበር፤ አንዱ ይጽፋል፣ ከስድስት ወር በኋላ የመጣው ይመልስለታል። አንደኛው ገጣሚ እንዲያውም ግድግዳው ላይ ከመቶ በላይ ግጥም እንዳለ፣ ሁሉም የሚያወራው ስለዚሁ መዘግየት እንደሆነ ጽፏል። የራሱን ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሲገመግም ማለት ነው፣ ታስሮ!

አብዛኞቹ ስም የላቸውም። ለምን? ሹሞቹን የሚሳደብ ግጥም ላይ መፈረም አያዋጣም፣ ይሄ ግልጽ ነው። እኔ ግን ሌላም ምክንያት ይታየኛል። ይፈርም ቢባል በየትኛው ስሙ?

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከረው። የሳን ፍራንሲስኮው የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት በሚያዝያ 1906 የከተማዋን መዝገብ ቤት አቃጠለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቻይናውያን «የተወለድኩት እዚሁ ነው» ማለት ቻሉ፤ የሚያስተባብል መዝገብ የለማ። እዚህ የተወለደ ደግሞ ዜጋ ነው፤ በ1898 በዎንግ ኪም አርክ ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስኗል። የዜጋ ልጅም፣ ቻይና ቢወለድ እንኳ፣ ዜጋ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ቻይና ደርሶ በተመለሰ ቁጥር «ወንድ ልጅ ተወለደልኝ» ብሎ ያስመዘግባል። ልጁ ኖረም አልኖረም፣ ቦታው ተያዘ። ቦታው ለወንድም ልጅ ይሰጣል ወይም ይሸጣል፤ ዋጋው በልጁ ዕድሜ ልክ ነበር፣ ብዙ ጊዜ በዓመት ወደ 100 ዶላር። በዚህ መንገድ የገባው «የወረቀት ልጅ» ይባላል። ለእኛ ሰው ይሄን ማስረዳት አይከብድም፤ እኛም «ወረቀት አገኘ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናውቃለን። ለዲቪ ሲባል የተጋባ ሰውም ሁላችንም ሰምተናል።

መንግሥት ደግሞ ሞኝ አይደለም። ኤንጅል አይላንድ ላይ ልጁን ለብቻ፣ አባቱን ለብቻ፣ ምስክሩን ለብቻ ያስቀምጣል፤ ይጠይቃል፣ መልሱን ያስተያያል። መንደራችሁ ስንት ረድፍ ቤት አለው? ከእናንተ ቤት ሦስተኛው የማን ነው? በራችሁ ወዴት ይዞራል? ደረጃው ስንት ነው? ሩዙ የሚቀመጠው የት ነው? ውሃ የምትቀዱት ከየት ነው? አያትህ የት ተቀበሩ? በመቶ የሚቆጠር ጥያቄ፣ ሁለትና ሦስት ቀን። አንድ መልስ ከተዛነፈ ወደመጡበት መርከብ።

ስለዚህ ማጥኛ ደብተር ተጻፈ። በጥያቄና መልስ መልክ፣ አንዳንዱ የመንደር ካርታ ያለው፣ ገጹ ብዙ። ውስጡ አንድ ሙሉ ቤተሰብ አለ፣ ስምና ዕድሜ፣ ማን መቼ አገባ፣ የማን ሚስት እግሯ እንዳያድግ በልጅነቷ የታሰረ ነው፣ ውሻ አለ ወይስ የለም። ልጁ መርከብ ላይ ሳለ ሲሸመድድ ይከርምና ወደቡ ሳይደርስ ደብተሩን ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። ጣቢያ ውስጥ ሆኖ የጎደለ መልስ ካለ፣ ከውጭ በምግብ ውስጥ ተደብቆ ይገባለታል፣ ለምሳሌ በለውዝ ቅርፊት።

እስቲ እንደ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ተመልከቺው። ገጸ ባሕርያት አሉ። መቼት አለ፣ ያውም በካርታ። የትውልድ ታሪክ አለ። አንባቢው በቃሉ የሚይዘው፣ ራሱ የሚተውነው፣ ካልተዋጣለት የሚባረርበት ድርሰት። ሃያሲዎቹ ኢንስፔክተሮቹ ናቸው፣ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እርስ በርስ መስማማት የሚመረምሩ። የዚያ ዘመን ትልቁ የቻይናውያን ልቦለድ ምንድን ነው ብትይኝ፣ እኔ እሱን ነው የምልሽ። ግማሹ ባሕር ውስጥ ሰጠመ። ግማሹ፣ ማለትም ምርመራው ቃል በቃል የተመዘገበበት ፋይል፣ ካሊፎርኒያ ሳን ብሩኖ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጧል፤ ዛሬ የልጅ ልጆች እየሄዱ ያነቡታል። አንድ ነገር ልጨምር፤ እውነተኛው ልጅም ደብተር ያጠና ነበር። አባቱ ከዓመታት በፊት ደረጃው አምስት ነው ብሎ ከነበረ፣ ልጁ በእውነት የሚያውቀው ስድስት ቢሆንም እንኳ መልሱ አምስት ነው። እውነቱን የተናገረ ይወድቃል።

አሁን ያቺን «አንዲት ሴት» ለምን እንደሰጧችሁ ይገባሻል። ሱይ ሲን ፋር ትባላለች፣ ትክክለኛ ስሟ ኢዲት ሞድ ኢተን ነው። በ1865 እንግሊዝ አገር ተወለደች፣ አባቷ እንግሊዛዊ፣ እናቷ ቻይናዊት፣ ያደገችው ሞንትሪያል። መልኳ ለነጭ የቀረበ ነበር፤ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። የሚፈተሽ የወረቀት ስም አልነበራትም። ስለዚህ የማትባረርበትን ነገር መጻፍ ቻለች፤ ለዚህ ዋጋ አልከፈለችም ማለት ግን አይደለም። በ1909 ባወጣችው ትዝታ ላይ የገበታ ታሪክ አለ። አሠሪዋ ምግብ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቻይናውያን እንደኛ ሰው መሆናቸውን መቀበል ያቅተኛል ይላል። ሌሎቹም ይቀጥላሉ። እሷ ትንሽ ዝም ትልና፣ እኔ ቻይናዊት ነኝ ትላቸዋለች። እህቷ ዊኒፍሬድ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደች። የጃፓን የብዕር ስም አወጣች፣ ኦኖቶ ዋታና፣ የጃፓን ፍቅር ታሪክ እየጻፈች በደንብ ተሸጠላት። በዚያ ሰዓት ጃፓን በአሜሪካ አንባቢ ዘንድ ፋሽን ነበረች፣ ቻይና ደግሞ የተከለከለች። ከአንድ እናት ቤት የወጡ ሁለት እህቶች፣ ሁለት የብዕር ስም። የሕጉን ሥራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

«በነፃዎቹ ምድር» የሚለውን ታሪኳን አንብባችኋል ብዬ ልገምት። ነጋዴ ባል ሳን ፍራንሲስኮ አለ፣ ሚስቱ ቻይና የወለደችውን ሕፃን ይዛ ትመጣለች፣ ሕፃኑ ወረቀት የለውም ተብሎ ወደቡ ላይ ይነጠቃል። ጠበቃ ይመጣል፣ ገንዘብ ያልቃል፣ እናት ጌጦቿን አውልቃ ትሰጠዋለች። አሥር ወር። ወረቀቱ ሲመጣ ልጁ ወደተቀመጠበት ሚሲዮን ትሄዳለች። ልጁ አዲስ ስም ወጥቶለታል። እጇን ስትዘረጋለት ሂጂ ይላትና በነጭዋ ሴትዮ ቀሚስ ውስጥ ይሸሸጋል። ስለዚህች ጸሐፊ ብዙ የምተቸው አለኝ። እንባ ታበዛለች፣ ገጸ ባሕርያቷን የምታናግርበት የተሰባበረ እንግሊዝኛ ያደክመኛል። የታሪኩ ርዕስ ራሱ ግን ቅኔ ነው፣ መጨረሻውም ስንት ዓመት አስተምሬው አልቀለለልኝም። ሕጉ በዚያ ታሪክ ውስጥ ማንንም አላባረረም። ሁሉም ገብተዋል። ልጁ ብቻ እናቱን አያውቃትም።

መጽሐፏ በ1912 ወጣ፣ እሷ በ1914 ሞተች፤ የሞንትሪያልና የቦስተን ቻይናውያን ሐውልት አቆሙላት። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሚያነሳት አልነበረም።

ስለ ዝምታው እንጨርስ፣ ጥያቄሽ የተነሳው ከዚያ ነውና። የወረቀት ልጅ ሆኖ የገባ ሰው ልብስ አጠባ ቤት ከፈተ እንበል፣ አገባ፣ ወለደ። ትዝታውን ይጻፍ? የትውልድ መንደሩን ቢጠቅስ ከፋይሉ ይለያል። የእናቱን ስም ቢጠራ ራሱን አጋለጠ። ለገዛ ልጆቹ እንኳ አይነግርም፤ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ ያወራል። በ1943 ሕጉ ሲሻርም ነገሩ አልተዘጋም። በ1956 መንግሥት «ተናዘዙ፣ ወረቀታችሁን እናስተካክላለን» የሚል ፕሮግራም ጀመረ፣ እስከ 1965 ቆየ። አንዱ ሲናዘዝ ግን የእውነትም የወረቀትም ዘመዶቹን ሁሉ ስም መስጠት አለበት። ወደ 14 ሺህ ሰው ተናዘዘ፣ በእነሱ ቃል ደግሞ ከ22 ሺህ በላይ ሌሎች ተጋለጡ። ቀሪው አፉን ዘግቶ ኖረ። አያትሽ ስለ ልጅነታቸው ስትጠይቂያቸው ወሬ ይቀይሩ የነበሩ ዓይነት ሰዎች ናቸው።

ለወረቀትሽ (የኮሌጁን ማለቴ ነው) ጥያቄውን ብትቀይሪው እመክራለሁ። «ለምን ጥቂት ጻፉ» ሳይሆን «በማን ስም ጻፉ» በይ። የመጀመሪያውን ማስረጃሽን ሩቅ አትፈልጊው። የግድግዳ ግጥሞቹን ሰብስቦ ተርጉሞ በ1980 ያወጣውን መጽሐፍ ሽፋን እዪ፤ 135 ግጥም ያለበት፣ ሦስት አዘጋጆች ያሉት። አንዷ ጁዲ ዩንግ ናት። ዩንግ አባቷ በ1921 የገባበት የወረቀት ስም ነው፣ የቤተሰቡ ስም ቶም ነበር። ሌላው ሂም ማርክ ላይ ነው፤ ይሄ «ላይ» ደግሞ እንደኛው ታችና ላይ እንዳይመስልሽ፣ አባቱ የገባበት የወረቀት ስም ነው። የዘር ስማቸው ማክ ነው። ወላጆቹ እንዳይጠፋ ብለው መሃል ላይ «ማርክ» አድርገው አስገቡት፣ የፈረንጅ ስም ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም። በቻይንኛ ሲጽፍ ግን ማክን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ ከሁሉም ፊት።